መጨረሻው ገጽ አለ?

በ1983 ዓ.ም. ክረምት መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ሌኒን በኪሎ ይሸጥ ነበር።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነው። የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ የማኅበራት አዳራሾችና የውይይት ክበቦች መደርደሪያቸውን ማራገፍ ይዘዋል። ከሞስኮ ታትመው የመጡት ባለ ደረቅ ልባስ ጥራዞች በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው፣ በወዛደር ትከሻ ወደ መርካቶ ይወርዳሉ። አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ደግሞ ከአጎቱ ሱቅ ደጃፍ ተንበርክኮ ከረጢት ይፈታል። ሥራው መለየት ነው፤ ለአንባቢ የሚሆነውን በቀኝ፣ ለመጠቅለያ የሚሆነውን በግራ። የሌኒን ሥራዎች ስብስብ በእንግሊዝኛ 45 ጥራዝ እንደሆነ ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እሱ ዘንድ የሚደርሱት ተቆራርጠው ነበር፤ ዛሬ ሰባት፣ ነገ አራት፣ ከነገ ወዲያ ተመሳሳዩ ሁለት ጊዜ።

መጠቅለያ ሆኖም ሌኒን አልተሳካለትም። የባለሱቅ ወረቀት ሰፊ መሆን አለበት። ስኳርና በርበሬ የሚጠቀለልበት ሾጣጣ ከመጽሐፍ ገጽ አይወጣም፤ ከጋዜጣ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አሮጌ «አዲስ ዘመን» በኪሎ ከማርክስም ከኤንግልስም በልጦ ይሸጥ ነበር። ከሶሻሊስቱ ዓለም ጓዝ ውስጥ ገበያ የነበራቸው የሚያብረቀርቁት የሶቭየትና የሰሜን ኮሪያ መጽሔቶች ብቻ ናቸው። መስከረም ሲጠባ እናቶች ለልጆቻቸው ደብተር መሸፈኛ ይፈልጓቸዋል። የዚያ ትውልድ ተማሪ የሂሳብ ደብተሩን ጀርባ ሲያስታውስ፣ ፈገግ ያለች የትራክተር ነጂ ወይም የፒዮንግያንግ ሐውልት ትዝ ቢለው አይገርምም።

የተራው ስም ራሱ ጥያቄ ነው፦ ምን አለሽ? ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ የጠፋ ብሎን፣ ሌላው ዓለም የጣለው ሁሉ እዚያ ዋጋ አለው። መጽሐፍ ወደዚያ የሚመጣበት ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ቆራሌው ነው። «ቆርቆሮ ያለህ» የሚለው ጥሪ በሩጫና በድካም ተጨራምቶ «ቆራሌው» ሆኖ በየሰፈሩ ያስተጋባል። ሁለተኛው ልዋጭ ነው፤ ያረጀ ልብስ ሰጥቶ ሳህን ወይም ጆግ መቀበል። አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ተለውጦ የመጣበትን ቀን ልጁ አይረሳውም። የልዋጩ ሰውዬ በሳፋው አዝኖ ነበር፤ ከሰርኩ ብሎ።

አጎቱ ግን የሚተማመኑት በሦስተኛው መንገድ ነበር። እሱም ቤት ድረስ መጠራት ነው።

ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲሰደድ፣ ቤት ሲፈርስ ወይም ወራሾች ሲካፈሉ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀር ማንም የማይፈልገው ዕቃ አለ። አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ ነው። ደላላ ይልካሉ፤ አጎቱ ኮታቸውን ደርበው፣ ልጁን ከነባዶ ከረጢቱ አስከትለው ይሄዳሉ። ቤት ሲገቡ ወደ መደርደሪያው አይቸኩሉም። ቡና ከቀረበ ይጠጣሉ፤ ስለ ሟቹ ይጠይቃሉ፤ የት ይሠሩ እንደነበር፣ የት እንደተማሩ። ልጁ ይህን ጨዋነት ነው ብሎ ያምን ነበር። ጨዋነትም ነበረበት። ግን ዋጋ መቁረጥ የተጀመረው እዚያው ቡናው ላይ ነው፤ የመምህር ቤት፣ የወታደር ቤትና የካህን ቤት መደርደሪያ አንድ አይደለም።

ከዚያ ከታች ይጀምራሉ። ሰው እንግዳ እንዲያይለት የሚፈልገውን መጽሐፍ በዓይን ትክክል ይደረድራል፤ በእውነት ያነበበውን፣ ለሰው ማሳየት የፈራውን ወይም የረሳውን ከሥር ይከታል፤ እንዲህ ነበር እምነታቸው። መጽሐፍ ሲያነሱም ርዕሱን ለማየት አይቸኩሉም፤ ገልብጠው ከኋላ ይገልጡታል። «መጨረሻው ገጽ አለ?» የሚለው ጥያቄ ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ልባስ የሌለው መጽሐፍ ይሸጣል፤ መጀመሪያው የጎደለም አንባቢው ገምቶ ይገባበታል። መጨረሻው የሌለው ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ገዢው ይዞት፣ ተሳድቦ።

ሁለተኛው ማኅተም ነው። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያረፈበትን ቢለምኗቸውም አይነኩትም፤ ሌላ ነጋዴ ማኅተሙን ቆርጦ ሲሸጥ ደግሞ የተቆረጠችውን ቀዳዳ አይተው ያውቁታል። ሦስተኛው ብልና እርጥበት፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያፈሰሰበት መደርደሪያ ከመታየቱ በፊት ይሸታል። አራተኛው የስጦታ ጽሑፉ ነው። «ለማይረሳኝ ወንድሜ» ተብሎ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ የተፈረመበት መጽሐፍ ዋጋው ይወርድ ነበር፤ ፈራሚው ደራሲው ራሱ ካልሆነ በቀር።

ይህን ሁሉ አይተው ሲያበቁ አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፦ «በድፍኑ ስንት?»

አንድ በአንድ መደራደር የጀማሪ ሥራ ነው። አንዱን መጽሐፍ ለይቶ ያነሳ ነጋዴ ለባለቤቱ የትኛው ውድ እንደሆነ ነገረው ማለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነበር። ከአራት መቶ መጽሐፍ ውስጥ ሠላሳ አርባው የሁሉንም ዋጋ ይመልሳል፤ የቀረው ቀስ እያለ ይሸጣል፤ ያልተሸጠው ለባለሱቅ በኪሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ከአንዲት እናት ቤት ሁለት ጋሪ ሙሉ ጭነው ሲመለሱ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ያችን ቀይዋን መጽሐፍ ውድ እንደሆነች ለምን አልነገርካቸውም?» አለ። «ቆራሌው ቢመጣ በኪሎ ይወስድባቸው ነበር፤ እኔ ቆጥሬ ገዛሁ» አሉት። መልሱ እውነት ነበረበት። ሙሉ እውነት ግን አልነበረም፤ እሳቸውም ሳያውቁት አይቀሩም፤ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም።

መርካቶ የመጽሐፍን ዋጋ የሚያወጣው በውበቱ ወይም በደራሲው ዝና ብቻ አይደለም። ዋጋው መንግሥት በመጣና በሄደ ቁጥር ይገለበጣል። ትናንት ቤት ውስጥ መገኘቱ የሚያስከብር መጽሐፍ ዛሬ መጠቅለያ ነው፤ ትናንት የሚያሳስር ዛሬ ውድ ነው። አጎቱ ይህን ከማንም ዩኒቨርሲቲ አልተማሩትም፤ ከከረጢቱ ነው ያነበቡት።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታግዶ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ያልተሰበሰበው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ወራት ደግሞ ወረቀት ራሱ አስፈሪ ሆነ። የኢሕአፓን «ዴሞክራሲያ»ም ሆነ የመኢሶንን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ይዞ መገኘት እንደ ጊዜው ሕይወት ያስከፍላል። አሰሳ ይመጣል ሲባል ሰው ያለ የሌለውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተተ፣ ጓሮ ቀበረ፣ ሽንት ቤት ጣለ። የዚያ ዘመን በራሪ ወረቀት ዛሬ ብርቅ የሆነው ስለዚህ ነው። በሺዎች ተባዝቶ ነበር፤ ያጠፉት ግን በፍቅር የያዙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን «ኦሮማይ» አለ። በዓሉ ግርማ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ የጻፈውን ይህን ልብ ወለድ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. አወጣው። ብዙም ሳይቆይ ከመደብሮች ተለቀመ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ታግዶ ከተለቀመ በኋላ ሽፋኑ ላይ የታተመው ዋጋ ትርጉም አጣ። አጎቱ በዚያ ወቅት ሦስት ቅጂ በእጃቸው አልፏል። አንዱንም ሱቅ ውስጥ አላሳደሩም። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ከበርበሬ ከረጢት ሥር ደብቀው፣ ለሚያውቁት ሰው ብቻ ነው የሸጡት። ሲተርኩት «በርበሬው አስነጠሰኝ እንጂ እኔስ አልፈራሁም» ይላሉ። ማንም አላመናቸውም።

ዋጋ የሚያወጣው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ድምፅም ያወጣል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሰብለ ወንጌልን አወቃት። አጎቱ እንደሚሉት ከትረካው በኋላ መጽሐፉን የሚጠይቋቸው ሰዎች መልክ ተለወጠ። በፊት መምህርና ጸሐፊ ነበር፤ አሁን የጨው ነጋዴና የሸማ ተራ ባለሱቅ መጥቶ «የበዛብህን መጽሐፍ» ይላል። ራሱ አያነበውም፤ ልጁን ያስነብበዋል።

ያ ሁሉ ወረቀት በኪሎ በሚመዘንበት ገበያ አንድ መጽሐፍ ሲመጣ ግን አጎቱ ሚዛኑን ገፋ ያደርጉት ነበር። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ሲተረጉም፣ ወረቀት ስላልነበረው 3 ሺህ ገደማ በሚሆን የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጽፎ ቁርጥራጩን ወደ ውጭ አሾለከው። ነቢይ ኋላ የ«አዲስ አድማስ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆነ። አጎቱ ይህን ታሪክ ለገዢ ሁሉ ይተርኩታል፤ ሲያበቁ ደግሞ ዋጋውን ጨመር ያደርጋሉ። ልጁ ሁለቱን ነገሮች ማለያየት አቅቶት ቀርቷል።

በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው የሥዕል መጽሔቶቹ ካርቶን የመጣው። ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች ቤት ዕቃ ሲሸጥ ደላላው አብሮ ያገኘው ነው። ውስጡ ከልጅ ቁመት የሚደርስ ክምር ነበር፦ ቲንቲን፣ አስቴሪክስ፣ በጣሊያንኛ የተጻፈ ቶፖሊኖ፣ ጥቂት የአሜሪካ ሱፐርማን። አጎቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ መቁረጥ አቃታቸው። መጨረሻውን ገጽ ገለጡ፤ አለ። ማኅተም የለውም። ብል አልበላውም። ግን ማን ይገዛል? ፈረንሳይኛዎቹን የሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪዎች ይወስዷቸው እንደሆን ብለው ጠበቁ፤ የሊሴ ልጆች ምን አለሽ ተራ አይመጡም። ለቱሪስትም አይሆንም። ፈረንጅ ከአዲስ አበባ ሥዕላዊ ታሪክ ሲገዛ የሚፈልገው በጨርቅ ላይ በ44 ክፍል የተሣለውን የንግሥት ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ነው። አንድ ጊዜ አጎቱ ቲንቲንን ከፍ አድርገው፣ «ይኸውም እኮ ሳባ ነው፤ ቁርጥራጩ በዛ እንጂ» ያሉት ልክ ነበር፤ ክፍል በክፍል የሚነበብ ሥዕል ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም።

በመጨረሻ ኪራይ ሆነ። በዚያ ዘመን ልብ ወለድ ማከራየት የተለመደ ነው፤ ጄምስ ሃድሊ ቼዝና ሲድኒ ሸልደን በመያዣ ይወጣሉ። የሥዕል መጽሔት ግን ወደ ቤት አይሄድም፤ እዚያው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው የሚታየው፣ በ10 ሳንቲም። የሰፈሩ ልጆች ፈረንሳይኛም ጣሊያንኛም አያውቁም። ስለዚህ አንዱ ገጹን ይገልጣል፤ የቀሩት ከአረፋው ውስጥ ያለውን ንግግር በአማርኛ ይፈጥራሉ። ካፒቴን ሃዶክ የአውቶቡስ ተራ ረዳት ሆነ፤ ነጩ ውሻ አማርኛ ይናገር ነበር፤ አስቴሪክስና ጓደኛው ከሮማውያን ሳይሆን ከጣሊያን ጋር አድዋ ላይ ይዋጉ ጀመር። አንድ መጽሔት በሳምንት ውስጥ አምስት የተለያየ ታሪክ ይወጣዋል። ዛሬ ያ ልጅ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ የቲንቲንን እውነተኛ ታሪክ ሲያነብ፣ የመርካቶው ይሻል ነበር ብሎ ይከራከራል።

በቀጣዩ ዓመት ማለቂያ አጎቱ ካርቶኑን በድፍኑ ለአንድ ፀጉር ቤት ሸጡት፤ ተራ ለሚጠብቅ ደንበኛ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ ከሁሉም የተረፈ ሁለት ልባስ ብቻ አየ፤ አንዱ የመስኮት መስታወት የተሰበረበትን ሸፍኖ።

ኪሳራውን ለመገመት ወደ ሌላ አገር ማየት ይጠይቃል። ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ አንሥተው አዲስ ከተማ ላይ መርካቶን በሚመሠርቱበት በ1930 ዓ.ም. አካባቢ፣ አሜሪካ ውስጥ ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ በእነሱ ሳንቲም። ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ በ2016 ዓ.ም. በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በ1969 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ፣ እዚህ ሰው ወረቀቱን በሚያቃጥልበት ጊዜ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የአንድ ሠዓሊ ቤተሰብ ቤት ሲያጸዳ ከ18 ሺህ እስከ 22 ሺህ የሚገመት የሥዕል መጽሔት ክምር ወጣ። ሰውየው ኤድጋር ቸርች ይባላል። ቸክ ሮዛንስኪ የተባለ ወጣት ነጋዴ ሙሉውን በድፍኑ ገዛው፤ ንግዱም በዚያ ተስፋፋ። መጽሔቶቹ ውድ የሆኑት ስለበዙ አይደለም። በደረቅ አየር ውስጥ፣ ተጠጋግተው ተከምረው ስለኖሩ ገጻቸው ነጭ እንደሆነ ነበር። እዚያ ሽፋኑ ላይ ያለች አንዲት እጥፋት ሺህ ዶላር ታወርዳለች። እዚህ ግን መጽሐፍ የሚነበበው በኩራዝ ብርሃንና በአሥር እጅ ነው፤ ጥላሸት የሌለበት መጽሐፍ ያልተነበበ መጽሐፍ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሁለቱም ነጋዴዎች ግን፣ የኮሎራዶውም የመርካቶውም፣ ያደረጉት አንድ ነው፤ ሌላው ሰው እንደ ቆሻሻ ያየውን ቆጥረው ገዙ። ልዩነቱ ገዢው ላይ ነው። ሮዛንስኪን የሚጠብቁት ዋጋ የታተመበት መዝገብ የያዙ ሰብሳቢዎች ነበሩ፤ አጎቱን የሚጠብቃቸው ፀጉር አስተካካይ ነበር።

እውነተኛው የአጎቱ ጸጸት ግን ሱፐርማን አልነበረም። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ መጽሔትና ጋዜጣ እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈላ። «ጦቢያ»፣ «ሙዳይ»፣ «እፎይታ» እና ሌሎችም ስማቸው ከጥቂት እትም በላይ ያልዘለቀ ወጡ። የግል ጋዜጦች በሳምንት ውስጥ ያረጃሉ፤ ያረጀውን ደግሞ አጎቱ በኪሎ ይገዙታል፤ በኪሎ ይሸጡታል። ሰፊ ወረቀት ነው፤ ሾጣጣው ያምራል። አንድ ሰሞን ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በእነሱ ተሞልቶ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ብዙ ጋዜጦች ሲዘጉ፣ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የመጀመሪያዎቹን እትሞች እየጠየቁ መጡ። አጎቱ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ «በርበሬ በልቶታል» ብለው ይመልሷቸው ነበር። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አሳታሚ ሁሉ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ቅጂ እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር፤ ሕግ ግን የተጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ አያውቅም፤ ለጎደለው ሰው የሚሄደው ምን አለሽ ተራ ነው።

አሁን ሱቁ የለም፤ ቦታው ላይ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። መጽሐፉም መንገድ ቀይሯል፤ ወጣት ነጋዴዎች ሽፋኑን በስልክ አንሥተው ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ፤ ገዢው «ተሽጧል?» ብሎ ይጽፋል። የሥዕል መጽሔትም የራሷን ልጅ ወልዳለች። ኢታን ኮሚክስ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይነበባል፤ ጀግናው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የቀድሞው ከረጢት ፈቺ ለልጁ ሲገዛለት፣ ልጁ ቶሎ ቶሎ ገልጦ ጨረሰውና «ሁለተኛው የት አለ?» አለው። አባትየው ያን ጊዜ መጽሔቱን ተቀብሎ ያደረገውን አላስተዋለም፤ ሚስቱ ናት የሳቀችበት። ገልብጦ ከኋላ ገልጦት ነበር።

«ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በወጣበት በ2017 ዓ.ም. ያው ሰው የመጀመሪያውን እትም ሲፈልግ ከአንድ አዟሪ ዘንድ ደረሰ። ሻጩ ሃያ ዓመት አይሞላውም። መጽሐፉን ከላስቲክ አውጥቶ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቀረበው። ሽፋኑ እውነተኛ ነው፤ የኩራዝ ነው፤ ጠርዙ በትክክለኛው ቦታ ተልጧል። የተጠራው ዋጋ ያስደነግጣል። ሰውየው ገልብጦ ከኋላ ገለጠ።

መጨረሻው ገጽ አለ። ግን ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ፊደሉም ጥቁር ነጥብ ነጥብ ጥሎበታል።

«ይሄ ፎቶ ኮፒ ነው» አለ።

«ሽፋኑ ኦርጅናል ነው ጋሼ» አለ ልጁ፣ ሳያፍር። «ውስጡንም ቢሆን ቆጥሬዋለሁ፤ አንድም ገጽ አልጎደለም።»

በድፍኑ ስንት እንደሆነ ጠየቀው።